ማሳሰቢያ፦ «አልተገኘም» በመባሉ ብቻ ሰው ከመዝገብ እንዳይሰረዝ

ይህ ማሳሰቢያ በዶዮገና፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በሺንሺቾና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች የሰው ስም በኮምፒዩተር እየፈለጉ ለሚሠሩ ሁሉ የተጻፈ ነው። የቀበሌና የወረዳ መረጃ ሠራተኞች፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ጸሐፊዎች፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤቶች፣ የእድር ዳኞች፣ የበግ አርቢዎች ማኅበራት መዝጋቢዎች፣ እንደ እኔም ትንንሽ ስክሪፕት እየጻፉ ለእነዚህ ሁሉ የሚሰጡ ወጣቶች ያንብቡት። ስሙ የሚፈለገው ሰው ራሱ ቢያነበው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ የሚጎዳው እሱ ነውና።

ኮምፒዩተር «አልተገኘም» ብሎ ሲመልስ፣ በፈለግንበት መንገድ ያንን ስም አላየሁትም ማለቱ ነው። ሰውየው ይክፈል አይክፈል፣ ይመዝገብ አይመዝገብ፣ ይፈተን አይፈተን የሚያውቀው ነገር የለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ያለ መታከሚያ ካርድ ወይም ያለ እርዳታ እህል ሊያድር የሚችለው በዚህ ልዩነት ነው። ስለዚህ ፍለጋው በሚታወቅ ስም ሳይፈተሽ፣ ወረቀቱም ተገልጦ ሳይታይ፣ በዚያ መልስ ብቻ ማንም ከዝርዝር አይውጣ።

ይህን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የመታከሚያ ካርድ የሚያሰጠውን የዓመት መዋጮ የከፈሉትንና ያልከፈሉትን አባወራዎችና እማወራዎች እንድለይ ተጠየቅሁ። በአንድ በኩል የነባር አባላት ዝርዝር አለ። በሌላ በኩል ከየቀበሌው የመጣ፣ ከደረሰኝ ጉርድ ላይ እየታየ የተተየበ ቴክስት ፋይል አለ፤ ለአንድ ቀበሌ አንድ ፋይል፣ በአንድ መስመር አንድ ሰው። ሥራው ከነባሩ ዝርዝር ስም አንድ በአንድ እያነሱ በቀበሌው ፋይል ውስጥ መፈለግ ነው። ሠራተኞቹ በጣት እየተከተሉ ብዙ ቀን የሚፈጅባቸውን እኔ በጥቂት መስመር ስክሪፕት በሰከንዶች ጨረስኩት። ያልተገኙት ስሞች ታትመው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ከላይ «ያልከፈሉ» የሚል ርዕስ ተጻፈበት። ስክሪፕቱ ያለው «አልተገኘም» ነበር፤ «አልከፈለም» ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

አንዲት እናት ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ስማቸውን ጠይቄ ተየብኩ፤ አልተገኘም። ደግሜ ተየብኩ፤ አልተገኘም። «እማማ፣ ስምዎ የለም» አልኳቸው። «ልጄ፣ ገንዘቡን የሰጠሁት በእጄ ነው፤ ደረሰኙም ይኸው» አሉ። እኔ ግን ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ አላነሣሁም። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት አንጋፋ መዝገብ ያዥ ናቸው ዝም ብለው ተነሥተው ጉርዱን ያመጡት። ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች እየሳቡ ብዙም ሳይቆዩ ስማቸውን አገኙት።

የእናቲቱን ስም አልጠቅስም። ችግሩን ግን «ዓለምፀሐይ» በሚለው ስም ማስረዳት ይቻላል። እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች በድምፅ አንድ፣ በመልክ የተለያዩ ፊደላት አሉን። የመጀመሪያው ድምፅ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ተብሎ በ4 መንገድ ይጻፋል። ፀ ወይም ጸ ሲባል 2 መንገድ ነው። «ሐ» ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እያለ 6 ይሆናል። 4 በ2 በ6 ሲባዛ 48 ነው። አንዱ ጸሐፊ «ዓለም ፀሐይ» ብሎ ለሁለት ሲከፍለው፣ ሌላው ሲያያይዘው ደግሞ 96 ይደርሳል። ለሚሰማ ጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተር 96 የተለያዩ ስሞች ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ላይ ተቀምጠዋል። ማሽኑ የሚያመሳክረው እነዚህን ቁጥሮች ነው። ድምፅ አይሰማም።

የከተማችንን ታላቅ ጎረቤት እንኳ እንውሰድ። ሆሳዕና፣ ሆሳእና፣ ሆሣዕና፣ ሖሳዕና እያልን ብንቆጥር በድምፅ ብቻ 12 አጻጻፍ አለው፤ በድሮ ስሙ ዋቸሞ ብሎ የተመዘገበው ሰው ሲጨመር 13። ሀዲያና ሐዲያ፣ ከምባታና ካምባታ፣ ዶዮገናና ዶዮጌና በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ ይገኛሉ።

ያን ዕለት ስህተቱን ፊደል ላይ አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ትንሽ ሰንጠረዥ ሠርቼ ስክሪፕቱን እንደገና አስነሣሁት። ብዙ ሰው ተገኘ። ብዙ ደግሞ ቀረ። ከቀሩት መካከል የየፋይሉ የመጀመሪያ ሰው መኖሩን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ከአንዱም ቀበሌ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ሰው አልተገኘም። በመዝገብ አንደኛ የሚሰፍር ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የከፈለ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ማልደው መጥተው ከፍለው በእኔ ዝርዝር ላይ ያልከፈሉ ሆነው ወጡ።

ምክንያቱ የማይታይ ምልክት ነው። ኖትፓድና መሰል ፕሮግራሞች ፋይልን በዩኒኮድ ሲያስቀምጡ አንዳንዴ በፋይሉ ራስ ላይ ለዓይን የማይታይ አንድ ምልክት ያኖራሉ። ምልክቱ ከመጀመሪያው ስም ጋር ይጣበቃል። በስክሪን ላይ ስሙ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ማሽኑ ግን ከፊቱ ሌላ ነገር አለ ይላል። በተመሳሳይ ዊንዶውስ ላይ የተተየበ ፋይል በየመስመሩ መጨረሻ አንድ ተጨማሪ የማይታይ ምልክት ይይዛል፤ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ስክሪፕት ያንን የስሙ አካል አድርጎ ያነበዋል። መተየቢያው ላይ እጅ ረዝሞ ከስሙ ኋላ የቀረ ክፍት ቦታም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው መስመር ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይከፋል፦ ጸሐፊው የመጨረሻውን ስም ጽፎ ኤንተር ሳይጫን ካስቀመጠው፣ መስመር በመስመር የሚያነብ የሼል ስክሪፕት ያንን መስመር ጨርሶ ሊዘለው ይችላል። አላገኘሁትም ብሎ እንኳ አይናገርም።

መጀመሪያ የጻፍኩት ስክሪፕት እንዲህ ጥብቅ አልነበረም፤ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ልቅ በነበረበት ጊዜ «አበበ» ብዬ ስፈልግ «አበበች» ይመጣል። ፊደል ለፊደል ቢታይ አበበ የሚለው በአበበች ውስጥ አለ። «ለማ» ስል «አለማየሁ» ይመጣል፤ ዘነበ ሲባል ዘነበች፣ ተሾመ ሲባል ተሾመች። ስለዚህ ያልከፈለው አበበ በአበበች ገንዘብ ከፍሏል ተብሎ ይታለፋል። ይህን አይቼ ስሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ካልሆነ አትቀበል አልኩት። ያን ጊዜ ነው የማይታዩት ምልክቶች ሰው መጣል የጀመሩት። አንዱን ቀዳዳ ስደፍን ሌላውን ከፈትኩ።

እዚህ ላይ ባልደረቦቼ ልብ እንዲሉልኝ የምለምነው አለ። ያለ አግባብ የተገኘ ሰው ቢሮ መጥቶ አይጮህም። ያለ አግባብ የተጣለው ደግሞ የሚጮኸው መጣሉን ካወቀ፣ መምጫ ጉልበት ካለው፣ ደረሰኙንም ካልጣለ ነው። እኚያ እናት ደረሰኛቸውን በፌስታል ጠቅልለው ባያኖሩ ኖሮ ዛሬም ስክሪፕቴ ልክ ነው ብዬ እምል ነበር። ስለዚህ «አቤቱታ ያቀረበ የለም» የሚለው ቃል ለፍለጋው ትክክለኛነት ምስክር አይሆንም።

በእኛ አካባቢ ይህ ሁሉ የሚከብድበት የራሱ ምክንያት አለው። ከምባቲሳና ሀዲይሳ በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በዚያ አጻጻፍ ረዥም አናባቢ ሲኖር ፊደሉ ይደገማል፤ የሚጠብቅ ተነባቢም ይደገማል። «ከምባታ» የሚለው ቃል ራሱ በቋንቋው ሲጻፍ መካከሉ ላይ ሁለት አናባቢ ተከታትሎ ይቆማል። የአማርኛ አጻጻፋችን ግን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም፤ ማስረዘምንም አያሳይም። አንድ ልጅ በትምህርት ቤቱ መዝገብ በላቲን፣ በቀበሌው ቤተሰብ ቅጽ በግዕዝ ፊደል፣ በፓስፖርቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ጸሐፊ እንደሰማው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይመዘገባል። ሦስቱን ፊደል ለፊደል የሚያመሳክር ስክሪፕት ሦስት ልጆች አሉ ይላል፤ ወይም የትኛውም የለም ይላል። ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድም ለእናቱ የላከው ገንዘብ በስም ልዩነት ባንክ ሲቆይ፣ ከዶዮገና ሆሳዕና የሚያመላልሳቸው ብዙ ጊዜ ይኸው የአንድ ፊደል መደጋገምና አለመደጋገም ነው።

የቦታ ስምም ሰውን ይጥላል። በዚህ አገር የተወለደ አንድ ሽማግሌ ከመንደሩ ሳይነቃነቅ አድራሻው ስንት ጊዜ ተለውጧል! በቀድሞው ዘመን ወረቀት ከምባታና ሀዲያ አውራጃ፣ ሸዋ ይላል። ቀጥሎ የመጣው ከምባታ፣ አላባና ጠምባሮ ዞን ይላል። ከዚያ ከምባታ ጠምባሮ ዞን፣ ደቡብ ክልል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ ከምባታ ዞን ሆነ። ዶዮገና ራሷን ችላ ወረዳ ከመሆኗ በፊት የወጣ ወረቀት ደግሞ አንጋጫ ይላል። ዞንና ወረዳ ካልገጠሙ ስሙን አትቀበል የሚል ስክሪፕት በዕድሜ የገፉትን ቀድሞ ይጥላቸዋል፤ ብዙ ወረቀት ያላቸው እነሱ ናቸውና።

ቀንን በሚመለከት አጠር አድርጌ ልናገር። ፈረንጅ የሠራው ፕሮግራም ዓመት 12 ወር አለው ብሎ ያምናል። በጳጉሜ የተወለደ ልጅ 13ኛ ወር ተብሎ ሲገባለት ፕሮግራሙ ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል፤ ወይም ቦታውን ባዶ ይተዋል። ጥቅምት 30 የተወለደውም አይተርፍም፤ 30/02 ተብሎ ሲጻፍ ማሽኑ የፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያነበውና እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል። ከ12 ያልበለጡ ቀኖች ደግሞ ቀንና ወር ተለዋውጠው በጸጥታ ሊገቡ ይችላሉ። ኤክሴል ከዚህ በተጨማሪ ከስልክ ቁጥር ፊት ያለውን ዜሮ ያነሣል፤ ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር እንደ ቁጥር ከተተየበለት ከ15ኛው ወዲያ ያለውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል። 16 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር በዚህ መንገድ ከገባ የመጨረሻው አሃዝ ጠፍቷል፤ የሁለት ሰዎች ቁጥርም አንድ ሊሆን ይችላል። ስልክና መለያ ቁጥር የሚገባበትን ዓምድ ከመተየብ በፊት «ቴክስት» ማድረግ ግዴታ ነው። ከተተየበ በኋላ ማድረግ የጠፋውን አይመልስም።

በኃ/ማርያም፣ በገ/መድህን፣ በወ/ሚካኤል ስሞች መካከል ያለው እዝባርም (/) ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንዱ ያሳጥራል፣ ሌላው ኃይለማርያም ብሎ ይዘረዝራል፣ ሦስተኛው በነጥብ ይለያል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ አሮጌ ፋይሎች ደግሞ ዛሬ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ሆነው ይታያሉ። በውስጣቸው ያለው ስም በየትኛውም የአማርኛ ፍለጋ አይገኝም። እነዚህን ፋይሎች «ተበላሽተዋል» ብላችሁ እንዳታጠፏቸው፤ በቀድሞው ፎንት ሲታዩ ይነበባሉ፣ ወደ ዩኒኮድም ይቀየራሉ።

መጀመሪያ ላይ የበግ አርቢዎችን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የዶዮገና በግ የታወቀ ዝርያ ነው፤ አርቢዎቻችን በማኅበር ተደራጅተው፣ ከምርምር ባለሙያዎች ጋር ሆነው ዝርያውን የሚያሻሽሉት በመዝገብ ነው። ግልገል ሲወለድ ይመዘናል፤ ጡት ሲጥል በ3 ወሩ፣ ከዚያም በ6 ወሩ ይመዘናል። የእናቱና የአባቱ የጆሮ ቁጥር ከሱ ቁጥር ጋር ይጻፋል። ከዚያ የተሻሉት ወንድ ግልገሎች ለአውራነት ይመረጣሉ፤ የቀሩት ተኮላሽተው ይደልባሉ ወይም ይሸጣሉ። አሁን 11 ቁጥር እናት የወለደቻቸውን አምጣ ብሎ ልቅ በሆነ ስክሪፕት የሚፈልግ መዝጋቢ የ110ን፣ የ111ንና የ211ን ግልገሎችም አብሮ ይቀበላል። መንታ የምትወልድ፣ ወተቷ የበዛ እናት ልጅ በደካማዋ ስም ይቆጠራል። የተመረጠው በግ ሳይሆን የተኮላሸው ነበር ጥሩው ቢባል በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም። የአንድ አርቢ የዓመታት ድካም በአንድ ያልተዘጋ የቁጥር ጫፍ እንዲህ ይባክናል። ለቁጥር ፍለጋ ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይግጠም በሉ። ለስም ግን በዓይን የሚያይ ሰው ጨምሩ።

ይህ የእኛ ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ ወቅት የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት የምርመራ ውጤት ይሰበስቡ የነበረው በአሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር። ያ ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም። ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ባሉት ቀኖች 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ውጤት ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ቀረ፤ ንክኪ የነበራቸውንም ሰዎች ፍለጋ ዘገየ። የሞላው ፋይል ትርፉን ሲጥል አልጮኸም። እዚያ የጎደለው ነገር በእኛም ቢሮ የጎደለው ነው፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ ብሎ የሚቆጥር ሰው።

ስለዚህ ስክሪፕት ለምትጽፉ ወንድሞቼና እህቶቼ የምለው ይህ ነው። ከሁሉ በፊት መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁበት አንድ ትንሽ የመፈተኛ ፋይል ይኑራችሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ አንድ ሰው፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ኤንተር ያልተከተለው አንድ ሰው አስቀምጡ። በዓ የሚጀምርና በአ የሚጀምር፣ በፀና በጸ የተጻፈ፣ እዝባር ያለበት፣ ከኋላው ክፍት ቦታ የቀረበት፣ በጳጉሜ የተወለደ ይግባበት። ከአበበ ጎን አበበችን፣ ከ11 ጎን 110ን አኑሩ፤ እነዚህ መገኘት የለባቸውም። ስክሪፕቱ ላይ አንድ ፊደል በነካችሁ ቁጥር በመጀመሪያ ይህን ፋይል ፈልጉበት። ሊያገኛቸው የሚገባውን ካላገኘ፣ ሊያልፋቸው የሚገባውንም ካላለፈ፣ የሕዝብ ዝርዝር ላይ እንዳታውሉት።

ከዚያ ቁጥሩን አስታርቁ። በነባሩ ዝርዝር ያለው ሰው ብዛት፣ ከተገኙት፣ ካልተገኙትና ከአጠራጣሪዎቹ ድምር ጋር እኩል ይሁን። አንድ ሰው እንኳ ቢጎድል ያ ሰው የት እንደገባ ሳይታወቅ ቢሮው አይዘጋ። ሦስተኛው ክፍል፣ አጠራጣሪዎቹ የሚቀመጡበት፣ የግድ ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ሰውን ለሁለት ብቻ ስከፍል፣ በመካከል ያሉትን ሁሉ ወደ ግድግዳው ሰደድኳቸው።

ፊደሎችን ማስታረቅ ስትጀምሩ ደግሞ የሰውን ስም በዋናው ፋይል ላይ እንዳትለውጡት። ለፍለጋ የሚሆን ቅጂ ሥሩና እሱ ላይ ሐን ወደ ሀ መልሱ። በግዕዝ ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፤ ሰረቀ ደግሞ የሌባ ሥራ ነው። ወላጆቹ በሠ ያወጡለትን ስም በሰ አድርጎ መታወቂያው ላይ የሚያትም ሰው የማይገባውን ነክቷል። ፈረንጆች በድምፅ የሚቀራረቡ ስሞችን ለማዛመድ በ1918 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት የተሰጠው ሳውንዴክስ የሚባል ዘዴ አላቸው። የተሠራው ለእንግሊዝኛ ድምፅ ስለሆነ ስማችንን በላቲን ጽፎ እሱ ላይ መጫን ቀ እና ከን፣ ጠ እና ተን ያደባልቃል። የራሳችንን ሰንጠረዥ መሥራት ይሻላል፤ ከባድም አይደለም፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ተቀራራቢ ስም ሲገኝ ማሽኑ በራሱ አንድ ናቸው ብሎ እንዲያዋህድ አትፍቀዱለት። ዳዊትና ማርቆስ፣ ጳውሎስና ዮሐንስ በበዙበት አገር በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰው መገኘቱ ብርቅ አይደለም። የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ የተወለደበት ዓመት ተጨምሮ ይታይ። ካልተለየ ሰው ይጠየቅ።

መሥሪያ ቤት ለምትመሩ ደግሞ፦ ዝርዝር ሲለጠፍ «ያልከፈሉ» ወይም «የማይገባቸው» ተብሎ አይጻፍ። «በፍለጋ ስማቸው ያልተገኘ፤ ደረሰኝ ወይም ምስክር ይዘው ይቅረቡ» ይባል። ለመቅረቢያ የሚሰጠው ጊዜ ከሩቅ ቀበሌ በእግር ለሚመጣ ሰው የሚበቃ ይሁን። ከ1997 ጀምሮ እንዳለው የሴፍቲኔት ዓይነት እርዳታ፣ ወይም የጤና መድን ካርድ እድሳት ባለበት ሥራ ላይ፣ ሰው የሚሰረዘው ወረቀቱ ከታየ በኋላ በሰው ፊርማ እንጂ በስክሪፕት ውጤት መሆን የለበትም። ወረቀቱን ኮምፒዩተር ገብቷልና ብላችሁ አትጣሉ። የስልክና የመታወቂያ ቁጥር ያለበትን ዝርዝር በቴሌግራም ማሰራጨትም ይቁም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ነውር ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

ስማችሁ «የለም» የተባላችሁ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ስሜ በየትኛው ፊደል ነው የተፈለገው በሉ። በአባቴ ስም ፈልግልኝ፣ በስልኬ ፈልግልኝ፣ ስሜን ለሁለት ከፍለህም አያይዘህም ሞክር በሉት። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ልጅ አሁንም የለም ካለ ጉርዱ ይውጣ፣ መዝገቡ ይገለጥ በሉ። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ማስቸገር አይደለም። ደረሰኝ የትም አትጣሉ። በመጀመሪያው መታወቂያችሁ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ ልጆቻችሁን አስነብባችሁ እወቁ፤ አዲስ ቅጽ ሲሞላም ያንኑ አጻጻፍ አሳዩ። ፓስፖርት የሚያወጣ ልጅ ካለ የላቲን አጻጻፉን በትምህርት ማስረጃው ላይ ካለው ጋር አስቀድሞ ያስተያይ። ገንዘብ የሚልክ ወንድምም ስማችሁን ፊደል በፊደል ከባንክ ደብተራችሁ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ የላካችሁለትን አይቶ ይጻፍ፤ በቃል የተነገረውን አይጻፍ።

እኚያ እናት በሁለተኛው ቀን ካርዳቸውን ወሰዱ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ለሌላውም እይለት» አሉኝ። ለሌላው ሳይ የሰነበትኩት ከዚያ በኋላ ነው። የግድግዳውን ዝርዝር አውርደን ከጉርዱ ጋር ስም በስም አመሳከርነው፤ አንጋፋው መዝገብ ያዥ ያነባሉ፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ያጋጠሙንን የስም ዓይነቶች ሁሉ፣ የማንም ሰው ትክክለኛ ስም ሳይሆን በምሳሌ ስም ለውጬ፣ በአንድ የመፈተኛ ፋይል ሰብስቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር ዓለምፀሐይ ነው፤ የመጨረሻው በጳጉሜ 6 የተወለደ ሰው ነው፣ ኤንተር አልተከተለውም። ዶዮገና ላይ ወይም በአቅራቢያዋ ይህን ሥራ የምትሠሩ ሁሉ ፍላሽ ይዛችሁ ኑና ገልብጡት።